ምስክሩ ራሱ መለኪያ ሲሆን

አንድ ነገር እውነት መሆኑ በተናጋሪው ጠባይ አይወሰንም። በሐሰት የታወቀ ሰው ዛሬ ሐሙስ ነው ቢልና ቀኑ ሐሙስ ቢሆን ቃሉ እውነት ነው፤ ጻድቅ ሰውም ቀን ቢሳሳት ጽድቁ ዓርብን ሐሙስ አያደርገውም። የሎጂክ መምህራን ሙግቱን ትቶ ተሟጋቹን መዝለፍ የደካማ ክርክር ምልክት ነው የሚሉት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ግን የዳኝነት ልማድ፣ የእኛው ፍትሐ ነገሥት ጭምር፣ የምስክሩ ማንነት ሳይመረመር ቃሉ እንዲጸና አይፈቅድም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ታዲያ ድንበራቸው የቱ ጋ ነው? የሰውን ያለፈ ታሪክ መመርመር ፍትሕ የሚሆነው መቼ ነው፣ ግፍ የሚሆነውስ መቼ? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ርካሽና ንጹሕ ኃይል ለዓለም አመጣለሁ የሚል ሰው ሲነሣ የብዙዎች ገንዘብና ተስፋ በመልሱ ላይ ይንጠለጠላል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በዘመናችን እጅግ ያከራከሩት ጣሊያናዊው አንድሬያ ሮሲ ናቸውና ጥያቄውን በእርሳቸው ጉዳይ እንመርምረው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮሲ በ1950 ሚላን ተወለዱ፤ በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲም ፍልስፍና ተማሩ። ስማቸው በዓለም የተሰማው ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 2011 ነው። በዚያ ዕለት ከቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ጡረተኛ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሰርጂዮ ፎካርዲ ጋር ሆነው ኢ-ካት ያሉትን መሣሪያ ቦሎኛ ውስጥ ለተጋበዙ ታዳሚዎች አሳዩ። እንደ አባባላቸው በመሣሪያው ሆድ ውስጥ የኒኬል ዱቄትና ሃይድሮጅን ይገባል፤ ጥቂት መቶ ዋት ኤሌክትሪክ ሲሰጠው 12 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ትርፉ የሚመጣው ኒኬሉ ሃይድሮጅኑን ተቀብሎ ወደ መዳብ ሲለወጥ ከሚወጣው የኑክሌር ኃይል ነው። የታወቀው ፊዚክስ ይህን አይቀበልም። ኒኬልና ሃይድሮጅን ሁለቱም በኒውክለሳቸው አዎንታዊ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ያን ግፊት ለመስበር እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ቢሰበርም ጋማ ጨረር መውጣት አለበት፤ በመሣሪያው ዙሪያ ግን ከተለመደው የአካባቢ ጨረር በላይ የሚታይ ነገር አልተለካም። ሆኖም የታወቀ ፊዚክስ ሁሉንም ነገር አውቋል የሚል አስተዋይ ሰው የለም። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ የከሰልና የነዳጅ ዘመን በእኛ ዕድሜ ያበቃ ነበር፤ በዚህ ምክንያት የሮሲን ቃል ሳይመረምሩ መጣልም አግባብ አልነበረም።

ሰውየው ያን ዕለት ባዶ ታሪክ ይዘው አልመጡም። በ1978 በሎምባርዲ ክልል ፔትሮልድራጎን የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ቆሻሻን ወደ ነዳጅ ዘይት እለውጣለሁ ብለው ነበር። ፍጻሜው በየጋኑ የተከማቸ መርዛማ ፈሳሽ ሆነ። ኩባንያው ተዘጋ፤ ሮሲ ታሰሩ፤ ተከሰሱ። ወደ 70,000 ቶን የሚጠጋውን መርዛማ ዝቃጭ ለማስወገድም የሎምባርዲ ክልል መንግሥት ከ40 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ግድ ሆነበት። ሮሲ በበኩላቸው ሕጉ በመካከል ተለውጦ ጥሬ ዕቃዬን ቆሻሻ አሰኘብኝ ይላሉ፤ ከቀረቡባቸው ብዙ ክሶች በአብዛኞቹ እንዳልተፈረደባቸውም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ቀጥሎ አሜሪካ ተሻግረው ሙቀትን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ከተለመዱት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሣሪያ ሠራሁ አሉ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምሕንድስና ምርምር ላቦራቶሪ ጉዳዩን አጥንቶ በ2004 ሪፖርት አወጣ። በመጀመሪያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የታየው ናሙና ጥሩ ውጤት አሳይቶ ነበር። ኋላ ግን ከጣሊያን ተልከው ላቦራቶሪው ከተረከባቸው 27 መሣሪያዎች 19ኙ ምንም ኤሌክትሪክ አላመነጩም፤ የቀሩት 8 እያንዳንዳቸው ከ1 ዋት በታች ሰጡ። ከእያንዳንዱ ይጠበቅ የነበረው ከ800 እስከ 1,000 ዋት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ውድቀቱ ብቻውን አያሳስብም። ፈልሳፊ ይወድቃል፤ የማይወድቅ ፈልሳፊ አዲስ ነገር ያልሞከረ ብቻ ነው። የሚያሳስበው የውድቀቱ መልክ ነው። በባለቤቱ ዓይን ሥር ሲታይ የሚሠራ፣ ወደ ተረካቢው እጅ ሲገባ ግን የማይሠራ መሣሪያ፤ ከዚያም ማብራሪያው ሳይጠናቀቅ የሚመጣ ሌላ መሣሪያ። ይህ መልክ በኢ-ካት ታሪክ ውስጥ ተደግሞ ከታየ፣ ያለፈውን ማንሣት ስም ማጥፋት መባሉ ይቀርና የምርመራው አካል ይሆናል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። ሙቀት የሚለካው በቴርሞሜትር ነው፤ በባለቤቱ የፍርድ ቤት መዝገብ አይለካም፤ መሣሪያው ይለካ፣ ሰውየው ይተው የሚል ነው። ተቃውሞው በመርሕ ትክክል ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ እቀበለዋለሁ። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ እንዳለ ይቆጥራል፤ መለኪያው ከሰውየው እጅ ነጻ መሆኑን። ማንም ሰው መሣሪያውን ወስዶ በራሱ ቤት፣ በራሱ ውኃና በራሱ ሽቦ ሊሞክረው ቢችል ኖሮ የሮሲ ታሪክ ምንም አይጠቅመንም ነበር፤ ውሸታምም ይሁኑ ቅዱስ፣ ውኃው ይፈላል ወይም አይፈላም። በተቃራኒው ግን ክፍሉን የመረጡት፣ መሣሪያውን የሚያበሩትና የሚያጠፉት፣ ዱቄቱን የሚከቱትና የሚያወጡት፣ የሚለካውን የሚወስኑት እርሳቸው ከሆኑ፣ በእኛና በእውነታው መካከል ያለው ድልድይ እርሳቸው ብቻ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሰውየውን መመርመር ማለት መለኪያውን መመርመር ማለት ነው። ሚዛኑ ከዚህ በፊት አሳስቶ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ለሚዛን ስድብ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ብቸኛው ምስክር ከዚህ በፊት የተናገረው ነገር ሆኗል ወይ ብሎ መጠየቅም ሰውን መዝለፍ አይደለም። የጠየቅሁት ድንበር ይህ ነው። የሰው ታሪክ የሚመዝነው ሰውየው በማስረጃው ላይ ባለው ሥልጣን ልክ ነው፤ ሥልጣኑን በለቀቀ መጠን ታሪኩም ይቀላል።

አሁን ሮሲ ይህን ሥልጣን ምን ያህል ይዘው እንደቆዩ እንይ። አንድ ኪሎ ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ እስከ 100 ለማድረስ 335 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይበቃል። ያንኑ ውኃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ተጨማሪ 2,257 ኪሎጁል ይጠይቃል። ስለዚህ ከቱቦው የሚወጣው በእርግጥ ደረቅ እንፋሎት ይሁን ወይስ የፈላ ውኃ ከጥቂት እንፋሎት ጋር የሚለው ጥያቄ ውጤቱን ከ7 እጥፍ በላይ ሊያዛባ ይችላል። የቦሎኛው 12 ኪሎዋት የተሰላው የገባው ውኃ በሙሉ እንፋሎት ሆኗል በሚል ግምት ነው፤ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ ቢወጣ ቁጥሩ ወደ 2 ኪሎዋት ገደማ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነበር። ውኃው እንዳይፈላ ፍሰቱን ከፍ አድርጎ፣ ሲገባና ሲወጣ ያለውን የሙቀት ልዩነት ብቻ መለካት፤ ይህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ሙከራ ነው። ተቺዎች ይህን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለመኑ። የአውስትራሊያው ነጋዴ ዲክ ስሚዝ ደግሞ በ2012 መሣሪያው በገለልተኛ ታዛቢዎች ፊት እንደተባለው ከሠራ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፍሉ አሳወቁ። ሮሲ አልተቀበሉትም።

ከዱቄቱ የመጣው ማስረጃም እንዲሁ ነው። ሮሲ ለወራት ሠርቷል ያሉትን ዱቄት ለስዊድን ተመራማሪዎች ሰጡ፤ በውስጡ መዳብ ተገኘ። ደስ ያሰኛል፤ ግን የመዳቡ አይሶቶፖች (በክብደት የሚለያዩት የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች) መጠን ከመሬት በሚወጣው በማንኛውም መዳብ ውስጥ ያለው ሆኖ ተገኘ። ኒኬል በኑክሌር ለውጥ መዳብ ሆኖ ቢሆን ኖሮ መጠኑ እንዲህ ከተፈጥሮው ጋር የሚገጥምበት ምክንያት አልነበረም። በ2014 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሉጋኖ 32 ቀን የቆየ ሙከራ ተደርጎ ጣሊያናዊና ስዊድናዊ ሳይንቲስቶች የፈረሙበት ሪፖርት ወጣ። መሣሪያው ከተሰጠው ከ3 እጥፍ በላይ ሰጥቷል ተባለ፤ ከውስጡ በወጣው ዱቄት ውስጥም ኒኬሉ በሞላ ጎደል ኒኬል-62 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በተፈጥሮ ይህ አይሶቶፕ ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም። ደጋፊዎች ማስረጃ ማለት ይህ ነው አሉ። ነገር ግን ሪፖርቱ ራሱ እንደሚናገረው ዱቄቱ ሲገባም ሆነ ሲወጣ እጃቸውን ያስገቡት ሮሲ ናቸው፤ የበለጸገ ኒኬል-62 ደግሞ በገበያ የሚገዛ ነገር ነው። እርሳቸው ዱቄቱን ለውጠውታል አልልም፤ ይህን የሚያስረዳ ነገር በእጄ የለም። ሙከራው የተደረገበት መንገድ አልለወጡትም ለማለትም አያስችልም ነው የምለው። ሙቀቱ የተለካውም ውኃ በማሞቅ ሳይሆን በቴርማል ካሜራ ነበር። መሣሪያው ከአልሙና የተሠራ ነው፤ ካሜራው በሚያይበት የጨረር ክልል አልሙና የሚያወጣው ጨረር ብዙ ሆኖ ሳለ በስሌቱ የገባው ቁጥር አነስተኛው ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት ካሜራው ከእውነተኛው በላይ ሙቀት እንዲያነብ ያደርጋል። ኋላ ስሌቱን የደገሙት ሰዎች ትርፉ አብዛኛው ወይም ሁሉም እንደሚጠፋ አሳይተዋል።

የታወቁ ሳይንቲስቶች ፈርመዋል፤ አንተ ከእነርሱ ትበልጣለህ ወይ የሚል ተቃውሞ አለ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ፎካርዲ የተከበሩ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። በ1973 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ብሪያን ጆሴፍሰን የሮሲ ጉዳይ በቁም ነገር እንዲታይ በአደባባይ ተሟግተዋል። የስዊድን ተጠራጣሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩት የፊዚክስ ምሁር ሐኖ ኤሴን እንኳ መሣሪያውን አይተው በጎ ምስክርነት ሰጥተዋል። እነዚህን ሰዎች ሞኝ ማለት ነውር ነው። ግን የፊዚክስ ሊቅ የሠለጠነው ተፈጥሮን ለመመርመር ነው፤ ተፈጥሮ ደግሞ ምስጢር ትሰውራለች እንጂ አስባ አታታልልም፤ የመርማሪውን ዓይን ተከትላ ሽቦ አታዛውርም። መሣሪያው የራሱን ውጤት ማሳመር የሚጠቅመው ባለቤት ያለበት ሲሆን ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያ ጥንቃቄ በሒሳብ መርማሪና በዳኛ ዘንድ ይገኛል፤ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ግን ብዙም አይሰጥም። ከዚህም ሌላ፣ ከሮሲ ጋር ረጅሙን ጊዜ ያሳለፉትና ከማንም በላይ ሊያምኗቸው የፈለጉት ሰዎች ያሉትን መስማት ይገባል።

እነዚያ ሰዎች በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የኢንዱስትሪያል ሂት ኩባንያ ባለቤቶች ናቸው። በቶም ዳርደን ይመራ የነበረው ይህ ኩባንያ በ2012 ከሮሲ ጋር ውል ፈርሞ በሁለት ዙር 11.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ መሣሪያው ለአንድ ዓመት ያህል ሠርቶ የተስማሙበትን ውጤት ካሳየም ሌላ 89 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ሙከራው ከ2015 እስከ 2016 በፍሎሪዳ ዶራል ከተማ በአንድ መጋዘን ውስጥ ተካሄደ፤ 1 ሜጋዋት የሚያህል እንፋሎት በግድግዳው ማዶ ላለ ደንበኛ እንደሚሰጥ ተነገረ። ኩባንያው ገንዘቡን አልከፍልም ሲል ሮሲ በኤፕሪል 2016 ከሰሱ፤ በዚህ ክስ ምክንያትም ብዙ ሰነድ ለአደባባይ ወጣ። የደንበኛው ድርጅት ፕሬዚዳንት የሮሲ የራሳቸው ጠበቃ ሆኖ ተገኘ። ሙከራው መሳካቱን አረጋግጦ የ89 ሚሊዮኑን በር የሚከፍተው ሪፖርትም ሮሲ ባሉበት፣ ሮሲ በሚያውቁት ባለሙያ የተዘጋጀ ነበር። 1 ሜጋዋት ሙቀት የት እንደሄደ ሲጠየቅ፣ በፎቁ ላይ ተሠርቶ የነበረ የሙቀት ማስወገጃ በመስኮት ያወጣው ነበር፣ ኋላ ግን ፈርሷል የሚል መልስ ቀረበ። ኩባንያው በበኩሉ ከሦስት ዓመት በላይ የሮሲን ውጤት በራሱ ለማረጋገጥ ደክሞ እንዳልተሳካለት አሳውቋል። ጉዳዩ በጁላይ 2017 ችሎቱ ገና እንደተጀመረ በስምምነት ተቋጨ፤ የቴክኖሎጂው ፈቃድ ወደ ሮሲ ተመለሰ፤ 89 ሚሊዮኑ አልተከፈለም። ፍርድ ቤቱ ማንንም አጥፍተሃል አላለም። እኔም ከዚያ ችሎት ያልወጣ ፍርድ አልፈርድም፤ የማየው በጦር ሠራዊቱ ላቦራቶሪ የታየው መልክ ከዐሥር ዓመት በኋላ መደገሙን ነው።

ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብትስ? የሚሉ አሉ። መብቱ ክቡር ነው፤ ግን የተሠራው ሰውን ለመቅጣት የሚነሣውን መንግሥት ለመግታት ነው። ማንም ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ አይታሰርም፤ እስኪታመን ድረስ ግን ገንዘብ አይሰጠውም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚህ ይበልጥ ልብ የሚነካው በሃይማኖት በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ነው። ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ንስሐ የገባን ሰው ኃጢአቱን እየቆጠሩ ማሳደድ ክርስቲያናዊ አይደለም ይባላል። አዎ፣ አይደለም። ነገር ግን ይቅርታና አመኔታ ሁለት ስጦታዎች ናቸው። ይቅርታ ያለፈውን ዕዳ ይሰርዛል፤ አመኔታ ደግሞ የሚመጣውን አደራ ይሰጣል። በሉቃስ ወንጌል ዘኬዎስ ሲመለስ እመኑኝ ብቻ አላለም፤ ካለው ግማሹን ለድሆች፣ ለበደለው ሰውም አራት እጥፍ እንደሚመልስ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ሒሳቡን ለሌሎች ዓይን ከፈተ። የተመለሰ ሰው ብርሃኑን አይፈራም፤ ይልቁንም ትናንት ስሙን ያጎደፈው ሰው ዛሬ ከማንም በላይ ገለልተኛ ሙከራ ይጠቅመዋል፤ ከታሪኩ ሊያወጣው የሚችለው እርሱ ብቻ ነውና። ስለዚህ ሙከራውን መጠየቅ በሮሲ ላይ መጨከን አይደለም። መሣሪያቸው የሚሠራ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ምሕረት ሊደረግላቸው አይችልም።

ሳያዩ ማመን ብፅዕና ነው የሚለውን ትምህርትም ወደዚህ ማምጣት አይገባም። ያ ቃል ለፍጥረት ሁሉ ጌታ የተገባ እምነት ነው፤ ስለ ኪሎዋት አልተነገረም። በዚያው ታሪክ እንኳ ቶማስ ዳስስ ተብሎ ነበር፤ አትንካ አልተባለም። ኦሪት ዘዳግም በ18ኛው ምዕራፍ ሕዝቡ እውነተኛውን ነቢይ ከሐሰተኛው በምን እንለያለን ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስም ግልጽ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም የተነገረው ነገር ሳይሆን ከቀረ ቃሉ ከእርሱ አልመጣም። መጽሐፉ ለነቢይ እንኳ ካልተወው የፈልሳፊን ትንቢት ያለ መስፈርት የሚያሳልፍበት ምክንያት የለም። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1748 ባሳተመው ሥራው ተአምር ተናጋሪውን እንዴት እንመዝን ብሎ ሲጽፍ በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሷል። የተነገረው ነገር ከተለመደው የተፈጥሮ ሥርዓት በራቀ መጠን ምስክርነቱ ሐሰት የመሆኑ ዕድል ያንኑ ያህል መራቅ አለበት፤ የምስክሩ ጥቅምና ጠባይም ይታያል። ሂዩም ስለ ሃይማኖት በደረሰበት መደምደሚያ አልስማማም፤ ስለ ሰው ምስክርነት የተናገረው ግን ይጸናል። በሮሲ ጉዳይ የተነገረው ነገር እጅግ ሩቅ፣ የምስክሩ ጥቅም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ያለፈው ቃሉ ደግሞ ያልጸና ነው።

ደጋፊዎች ያላቸው ጠንካራው መከራከሪያ ከታሪክ የሚመጣው ነው። ራይት ወንድማማቾችንም ሰዎች ተጠራጥረዋቸው ነበር፤ እነርሱም ምስጢራቸውን ደብቀው ነበር ይላሉ። እውነት ነው። በ1903 በሞተር የበረሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ውል ሳይፈርሙ አውሮፕላናቸውን ለማሳየት እምቢ ብለው ለዓመታት ቆይተዋል፤ አውሮፓ ውስጥም አስመሳዮች ተብለዋል። ግን ውሉ ሲመጣ የሆነውን እንይ። በ1909 በፎርት ማየር የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መኮንኖች በራሳቸው ሰዓትና በራሳቸው ርቀት ፍጥነቱን ለኩ፤ በውሉ ከተጠየቀው በልጦ ስለተገኘ 25,000 ዶላር ከ5,000 ዶላር ጉርሻ ጋር ተከፈላቸው። ለኪው ገዢው ነበር። ያም ባይሆን በ1908 በፈረንሳይ ሌ ማን ሺዎች ቀና ብለው አይተዋል። የጨጓራ ቁስለት በባክቴሪያ ይመጣል ብለው የተናቁት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረንም በ2005 ኖቤል የተሸለሙት ሌላው ሐኪም በራሱ ሕመምተኞች ላይ ያንኑ ባክቴሪያ ስላገኘ ነው። በተናቁት ሊቃውንት ታሪክ ውስጥ መናቃቸው ምንም አላስረዳም፤ የተናቁና የተሳሳቱ ሰዎች ቁጥራቸው ይበልጣል። ያስረዳው ነገሩ ከእጃቸው ወጥቶ በሌላው እጅ መሥራቱ ነው። ይህ በተቃራኒውም ይሠራል። በ1989 ቀዝቃዛ የኑክሌር ውሕደት አገኘን ያሉት ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ ንጹሕ የምርምር ታሪክ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ፍላይሽማን የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ነበሩ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ውጤቱ አልመጣም፤ ክብራቸውም ሊያድነው አልቻለም። በ2019 በጉግል ገንዘብ የተደረገው ሰፊ ምርምርም የውጤቱን ማስረጃ እንዳላገኘ ኔቸር መጽሔት ላይ አሳትሟል። ነገሩ ክፍት ሲሆን መልካም ስም አያድንም፣ ክፉ ስምም አይጎዳም።

የንግድ ምስጢር ነው የሚለውን ማመካኛ ብዙ ጊዜ ልሰጠው አይገባም። የሙቀት ሙከራ ሣጥኑን መክፈት አይጠይቅም፤ የገባውን ኤሌክትሪክና የወጣውን ሙቀት መለካት ይበቃል፤ ውስጡ እንደታሸገ ይቀራል። ደግሞስ ሮሲ በ2015 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጥቷቸዋል። ፓተንት ማለት መንግሥት ለባለቤቱ ጥበቃ ሲሰጥ እርሱ በዘርፉ ሙያ ያለው ሰው ሊደግመው በሚችል መጠን አሠራሩን የሚገልጥበት ውል ነው። ጥበቃውን ተቀብሎ መግለጡን መከልከል አይቻልም። በዚያ ጽሑፍ መሠረት ሠርቶ ትርፉን በአሳማኝ መንገድ ያሳየ ገለልተኛ ላቦራቶሪ እስካሁን የለም።

እንግዲህ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶች ቃል በሮሲ ወዳጆች ዘንድም በሌላ ቋንቋ ይደጋገማል፤ ቆዩ፣ ይመጣል ይላሉ። ነገር ግን የሚነጋ ሌሊት በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይገላለጣል። ከ2011 ወዲህ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ውኃ የሚያፈላ ኢ-ካት ነበር፤ ከዚያ እስከ 1,400 ዲግሪ ይግላል የተባለው መጣ፤ ከዚያ ጥቂት ሴንቲሜትር የሆነችው፤ ከዚያ ብርሃን የምትሰጠው፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ በቀጥታ የምታመነጨው። በ2021 ደግሞ ምርት የሚጀመረው 1 ሚሊዮን መሣሪያ በቅድሚያ ሲታዘዝ ነው ተባለ። በእያንዳንዱ እርከን የቀደመው ጥያቄ ሳይመለስ ተትቶ አዲስ ተስፋ ይተካል፤ ትናንት ለሽያጭ ዝግጁ ነበር የተባለው መሣሪያ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ሰው ጊዜ ያለፈበት ይባላል። ምን ያህል ጊዜ መቆየት ተገቢ ነው ለሚለው ቁጥር የለኝም። ሆኖም ተስፋ የሰጠው ሰው ምን ቢሆን ተሳስቻለሁ እላለሁ ብሎ አስቀድሞ ካልተናገረ ትዕግሥቱ መጨረሻ የለውም።

ማመን ምን ይጎዳል፣ ተስፋ አድርገው ቢቀሩስ የሚሉም አሉ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ በ1877 ስለ እምነት ግብረ ገብ ሲጽፍ የመርከቡን ማርጀት እያወቀ ራሱን አሳምኖ ስደተኞችን የጫነ ባለንብረት ያነሣል፤ ከልብ ማመኑ ከበደል አያወጣውም፤ ለማመን መብት የሚሰጥ ማስረጃ አልነበረውምና። መርከቧ በሰላም ብትደርስ እንኳ በደለኛነቱ እንደማይቀር ይጨምራል። በክሊፎርድ ጥብቅነት ሁሉ ባልስማማም በዚህ ላይ ትክክል ነው። በኃይል ጉዳይ ያለ ማስረጃ ማመን የብቻ ጉዳይ አይደለም። ለተአምር መሣሪያ የሚፈስ ገንዘብ ከሌላ ሥራ የተቀነሰ ነው፤ ለፀሐይ፣ ለውኃና ለእንፋሎተ ምድር ኃይል፣ ዓመታትን ለሚጠይቅ የባትሪ ምርምር ሊውል የሚችል ነበር። ነገ በሚመጣው ነጻ ኃይል የሚታመን ሰው ዛሬ ከባድ ውሳኔ ለመወሰን አይቸኩልም። በየወንዙና በየጫካው ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶች የሚከፍሉት የዚህን መዘግየት ዋጋ ነው።

ፍርዴን እነሆ። ሮሲ አጭበርባሪ ናቸው ለማለት ሥልጣንም ማስረጃም የለኝም፤ መሣሪያቸው አይሠራም ለማለትም በእጄ ይዤ አልፈተንሁትም። ያም ሆኖ፣ ራሳቸው ምስክር፣ ራሳቸው መለኪያ፣ ራሳቸው ዳኛ ሆነው በቀሩበት ጉዳይ ያለፈው ታሪካቸው ማስረጃ ነው፤ ያ ማስረጃም ይከብድባቸዋል። ከዚህ ክብደት መውጫው በእጃቸው ነው፤ አንድ መሣሪያ፣ ለአንድ ስመ ጥር የልኬት ተቋም፣ እርሳቸው በሌሉበት፣ ለአንድ ሳምንት። ይህን ያህል እስኪያደርጉ ድረስ ለዚህ መሣሪያ፣ ነገ በሌላ ሰው ስም ለሚመጣው ተመሳሳዩም፣ ገንዘብ ወይም ቅድመ ትእዛዝ የምትጠየቁ ሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ከባለቤቱ ሌላ የለካው ማነው በሉ። መልሱ የሰው ስም ካልሆነ አትክፈሉ።